«11 ሰው ይዛችሁ እንዴት ሰው አነሰን ትላላችሁ?» የድንገተኛ አኔስቴዥያ (ማደንዘዣ) ቡድንን ስለማደራጀት

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «መሃል አዲስ አበባ ባለ አንድ የመንግሥት ሆስፒታል የአኔስቴዥያ ክፍል አስተባባሪ ሆኜ በቅርቡ ተመድቤያለሁ። 4 የኦፕሬሽን ጠረጴዛ፣ 11 አኔስቴቲስት (ማደንዘዣ የሚሰጥ ባለሙያ)፣ 1 አኔስቴሲዮሎጂስት (የማደንዘዣ ስፔሻሊስት ሐኪም) አለን። ማታ ሁለት ሰው ዱቲ (ተረኛ ሆኖ) ይገባል። አስቸኳይ ሲኤስ (በኦፕሬሽን ማዋለድ) እና የመኪና አደጋ አብረው ሲመጡ እንጨናነቃለን። በዚያው ሰዓት አይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍሉ) "ኑና ኢንቱቤት አድርጉልን (የመተንፈሻ ቱቦ አስገቡልን)" ብሎ ይደውላል። አስተዳደሩ ደግሞ "11 ሰው ይዛችሁ እንዴት አነሰን ትላላችሁ?" ይለናል። ስንት ሰው ያስፈልገናል? ባለን ሰውስ እንዴት እናደራጀው? አዲስ ተመራቂዎችን ማታ ብቻቸውን ማስገባትስ ይቻላል?»

አስተዳደሩ የቆጠረው ስም ነው። ድንገተኛ አገልግሎት ግን የሚቆጠረው በሰዓት ነው። ጭቅጭቁ በሙሉ ከዚህ ስለሚነሳ መጀመሪያ ሂሳቡን እንሥራ።

ሳምንት 168 ሰዓት አለው። የመንግሥት ሠራተኛ መደበኛ የሥራ ሰዓት ከሰኞ እስከ ሐሙስ በቀን 8፣ ዓርብ 7፣ በድምሩ 39 ሰዓት ነው። አንድ ባለሙያ የዓመት ፈቃዱ፣ በዓላቱ፣ ሕመሙና ስልጠናው ሲቀነስ በዓመት 44 ሳምንት ሥራ ላይ ይገኛል እንበል። ይህ 1,716 ሰዓት ይሆናል። ቀንም ሌሊትም አንድ ሰው የማይጠፋበት ቦታ ደግሞ በዓመት 8,736 ሰዓት ይፈልጋል። ሲካፈል 5 ይመጣል። «ሁልጊዜ አንድ አኔስቴቲስት አለ» የምትለው አጭር ዓረፍተ ነገር የ5 ሰው ደመወዝ ናት ማለት ነው።

አሁን ወደ እርስዎ ክፍል እንምጣ። 3 ጠረጴዛ በቀን ለቀጠሮ ኦፕሬሽን ይሠራል ብንል 6,084 ሰዓት ነው። ታካሚዎችን አስቀድሞ የሚያይና ሪከቨሪውን (ከኦፕሬሽን በኋላ የሚነቁበትን ክፍል) የሚከታተል አንድ ሰው 2,028 ሰዓት ይወስዳል። ለድንገተኛ ቀንና ሌሊት ሁለት ሰው ከተባለ 17,472 ሰዓት ይጨመራል። ድምሩ 25,584 ነው። ለ1,716 ሲካፈል 15 ሰው ገደማ ያስፈልጋል። ያለዎት 11 ነው። የጎደሉት 4 ሰዎች የትም አልጠፉም፤ ዱቲ ውስጥ ተደብቀዋል። ጉድለቱ ለ11 ሰው ሲከፋፈል ለእያንዳንዱ በሳምንት 14 ሰዓት ያህል ይደርሰዋል። አንድ ሌሊት ማለት ነው። ሰዎችዎ በሳምንት 39 ሳይሆን 53 ሰዓት እየሠሩ ነው።

ይህም ማንም ለረጅም ጊዜ ካልታመመ፣ ማንም ለረጅም ትምህርት ካልሄደ፣ ከሌሊት ሥራ በኋላ ማንም እረፍት ካልወጣ ነው። ከዱቲ ማግስት እረፍት ከሰጡ (መስጠትም ግድ ነው) ያ ቀን ከመደበኛው ሰዓት ላይ ይቀነሳል፤ የማግስቱ የቀጠሮ ጠረጴዛ ሰው ያጣል። አንዲት ባልደረባ የወሊድ ፈቃድ ከወጣችም ፈቃዱ ብቻውን 120 ቀን ነው። እንግዲህ ለሜዲካል ዳይሬክተሩ የሚወሰደው ወረቀት ይሄ ነው። «ደከመን» ከሚል ደብዳቤ ይልቅ አንድ ገጽ የሰዓት ሂሳብ በር ይከፍታል። ቁጥሩን የእርስዎ ክፍል በትክክል በሚሠራበት ሰዓት ይተኩት፤ የእኔ 44 ሳምንት ግምት ነው።

ሰው እስኪቀጠር ግን ሌሊቱ አይጠብቅም። ስለዚህ ባሉት ሁለት ሰዎች ላይ አንድ ደንብ ያውጡ። ሁለተኛው ሰው የተመደበው ለሁለተኛ ጠረጴዛ አይደለም፤ ለሚቀጥለው ጥሪ ነው። የመጀመሪያው ጠረጴዛ ላይ ሲቆም ሁለተኛው እጁ ነጻ ሆኖ ይቆያል። ከዚያ የሚያስነሳው ቀይ ታካሚ፣ ማለትም ሕይወቱ አሁኑኑ አደጋ ላይ ያለ ሰው፣ ብቻ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም የአኔስቴሲዮሎጂስቶች ማኅበራት ፌዴሬሽን በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጡት የጋራ መመዘኛ፣ ለእያንዳንዱ ታካሚ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የማይለይ አንድ የአኔስቴዥያ ባለሙያ መኖሩ በጥብቅ ይመከራል። ሁላችንም እናውቀዋለን። ሁላችንም ግን «አንዴ ብቻ አይሲዩ ደርሼ ልምጣ፣ ታካሚዋን እያት» ሲባል ሰምተናል። ሰርኩሌቲንግ ነርሷ (ዕቃ የምታቀርበው) ሞኒተሩን ታያለች፤ ግፊቱ ሲወርድ ምን ልታደርግ ነው? ነጻ እጅ ማስቀመጥ ያስፈለገው ለዚህ ነው።

ቀይ የሚባለው ምን እንደሆነ ደግሞ ከሰርጂኖቹና ከማህፀን ሐኪሞቹ ጋር ቁጭ ብላችሁ፣ በቀን ብርሃን፣ ማንም ሳይጨነቅ መስማማት አለባችሁ። የድንገተኛ ክፍሉ ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ ቢጫ የሚለው ትሪያጅ (ታካሚን በአጣዳፊነቱ መለየት) ስላለ ሌላ ቋንቋ መፍጠር አያስፈልግም። ቀይ፦ የእናት ወይም የሕፃን ሕይወት አሁን አደጋ ላይ ያለበት ሲኤስ፣ የማይቆም የደም መፍሰስ፣ የተዘጋ የመተንፈሻ ቱቦ። ብርቱካናማ በአንድ ሰዓት ውስጥ፣ ቢጫ በሰዓታት ውስጥ። ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ሕይወት ወይም እጅና እግር የማያድን ኦፕሬሽን አይጀመር። ይህችን ደንብ የሚቃወም ሰርጂን ይኖራል። ምክንያቱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እውነት ነው፦ «ጠዋት ጠረጴዛ አላገኝም» ይላል። ስለዚህ ጠዋት ጠረጴዛ ስጡት።

ይህ ወደ ቀጣዩ ነገር ይወስደኛል። ብዙ ሆስፒታል ድንገተኛ ኦፕሬሽን የሚሠራው በተረፈ ቦታና በተረፈ ሰው ነው። ሦስት የቀጠሮ ጠረጴዛ ከያዛችሁ አራተኛው ለድንገተኛ ብቻ ይሁን። ባዶ ሆኖ ሲታይ «ለምን ዝም ብሎ ይቀመጣል? አንድ ሄርኒያ ይግባበት» የሚል አይጠፋም። አይግባ። ሌሊት የተጠራቀሙት ቢጫዎች ጠዋት 2:30 ላይ እዚያ ይሠሩ። ቀን ያለቀ አፔንዲክስ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ማንንም አያስነሳም።

ሰው ሁሉ የሚፈራው ሌሊት 9 ሰዓትን ነው። እኔ የምፈራው ከቀኑ 11:30 እስከ ማታ 1 ሰዓት ያለውን ነው። ሰርቪሱ ሊወጣ ሞተሩን አስነስቷል። የቀጠሮ ኦፕሬሽኑ አላለቀም፤ ሁለት ጠረጴዛ ላይ ገና ስፌት ላይ ናቸው። ተረኞቹ ገብተዋል፣ ግን የቀኑን ጠረጴዛ ይቀበላሉ። በዚህ ቅጽበት የድንገተኛ ቡድን የሚባል ነገር በወረቀት ላይ ብቻ ነው ያለው። ለዚህ መፍትሔው ቀላል ነው፤ ማስከበሩ ግን ይከብዳል። ከቀኑ 9:30 በኋላ ከሁለት ሰዓት በላይ የሚፈጅ የቀጠሮ ኦፕሬሽን አይገባም። ሰዓት ያለፈበትን ጠረጴዛ የጀመረው ሰው ይጨርሳል፤ ትራንስፖርቱን ሆስፒታሉ ይሸፍንለታል። ተረኞቹ የቀን ሥራ አይረከቡም። ርክክቡ ደግሞ በኮሪደር «ቻው፣ ሰላም እደሩ» ሳይሆን ቆሞ 10 ደቂቃ ይሁን፦ ማን ጠረጴዛ ላይ አለ፣ ማዋለጃ ክፍል ማን ያሰጋል፣ አይሲዩ ስንት ሰው ቬንቲሌተር ላይ ነው፣ ምን ዓይነት ደም አለ፣ ኦክስጅኑ ስንት ነው።

ኦክስጅኑ ስንት ነው ስል «አለ» የሚል መልስ አልቀበልም። ሲሊንደሩ ጎን ላይ የተጻፈውን ሊትር ጌጁ በሚያሳየው ባር አባዙት። 40 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር 150 ባር ላይ 6,000 ሊትር ኦክስጅን አለው። 50 ባር ላይ 2,000 ሊትር ቀርቶታል። በደቂቃ 10 ሊትር ከሄደ 200 ደቂቃ ነው፤ ሦስት ሰዓት ከ20። ማታ 12 ሰዓት ላይ በቂ የሚመስለው ሲሊንደር 4 ሰዓት ሳይሞላ ባዶ ነው ማለት ነው። መብራት ሲጠፋ ኮንሰንትሬተሩም (ኦክስጅን ከአየር የሚያጣራው ማሽን) አብሮ እንደሚጠፋ አይርሱ። የመጠባበቂያ ሲሊንደሩ ቁልፍ የት እንዳለ ተረኛው ማወቅ አለበት። ቁልፉ በስቶር ኪፐሩ ኪስ ወደ ቤት ከሄደ ሲሊንደሩ የለም።

ሦስተኛው ሰውስ? «ቤቱ ሆኖ በስልክ ይጠራ» የሚለው ሐሳብ ከውጭ አገር መመሪያ ላይ ሲነበብ ያምራል። የእኛ አኔስቴቲስት ግን ቤቱ አያት፣ ጀሞ ወይም ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ሌሊት ታክሲ የለም፤ ራይድ ቢጠራ እንኳ እስኪመጣ፣ ከዚያ እስኪደርስ፣ ልብስ እስኪቀይር ድረስ ቀዩ ታካሚ ያበቃለታል። ቤት ሆኖ መጠራት ለብርቱካናማና ለሁለተኛ አስተያየት ይሆናል፤ ለቀይ አይሆንም። ስለዚህ አርብ ማታ፣ ቅዳሜ ማታና የበዓል ዋዜማን ለይተው ሦስተኛ ሰው ግቢ ውስጥ ያሳድሩ። አደጋ የሚበዛበትን ቀን መዝገባችሁ ይነግራችኋል። ማደሪያው አልጋ፣ ንጹሕ አንሶላና የሚቆለፍ በር ይኑረው። ወንበር ላይ የሚያድር ሰው ተጠባባቂ አይባልም፣ ደክሞ የተቀመጠ ሰው ነው።

ሌላው አማራጭ ወደ ሌላ ሆስፒታል መላክ ነው። መሃል ከተማ መሆን እዚህ ላይ ይጠቅማል። ጋንዲ፣ ዘውዲቱ፣ ጥቁር አንበሳ፣ ምኒልክ፣ ራስ ደስታ፣ የካቲት 12 ሁሉም በቅርብ ርቀት ናቸው። ግን ላይዘን ኦፊሰሩ (ከሌሎች ሆስፒታሎች ጋር የሚያገናኘው ሠራተኛ) ስልክ ደውሎ አልጋም፣ አኔስቴዥያም መኖሩን ሳያረጋግጥ አምቡላንስ አይነሳ። «አልጋ አለ» የሚለው መልስ ጠረጴዛውን የሚይዝ ሰው አለ ማለት አይደለም።

ስለ ሲኤስ ለብቻው ልናገር፤ የድንገተኛ ሥራችን አብዛኛው እሱ ነውና። በ22 የአፍሪካ አገሮች የተሠራና በ2019 እ.ኤ.አ. ላንሴት ግሎባል ሄልዝ ላይ የወጣ ጥናት ከሲኤስ በኋላ የእናቶች ሞት ከ1,000 ወደ 5 ገደማ መሆኑን አሳይቷል። ከበለጸጉት አገሮች ጋር ሲነጻጸር 50 እጥፍ ነው። ከሞቱት ጋር ተያይዘው ከታዩት ነገሮች ውስጥ ደም መፍሰስና የአኔስቴዥያ ችግር ይገኙበታል።

ለቀይ ሲኤስ ከውሳኔ እስከ መውለድ 30 ደቂቃ የሚለውን መለኪያ ሁሉም ያውቀዋል። ደቂቃዎቹን ማን እንደሚበላቸው ግን ቁጭ ብሎ የሚቆጥር የለም። ስፓይናል (በጀርባ የሚወጋ ማደንዘዣ) ራሱ 5 ደቂቃ ነው። የቀረው አሳንሰር መጠበቅ፣ ስትሬቸር መፈለግ፣ ተኝታ ያለች ስክረብ ነርስ መቀስቀስ፣ ለደም ናሙና መሮጥ ነው። ከሁሉ የሚያናድደኝ የወሊድ አገልግሎት በመንግሥት ተቋም ነጻ ሆኖ ሳለ ስፓይናል መርፌ አልቋል ተብሎ ባልየው በሌሊት ክፍት ፋርማሲ ሲያስስ ነው። ስለዚህ አምስት የታሸገ የሲኤስ ፓኬት ያዘጋጁ፦ ስፓይናል መርፌ፣ ቡፒቫኬይን፣ ካኑላ፣ ፈሳሽ፣ ኦክሲቶሲን፣ ካቴተር፣ ጓንት። በላዩ ላይ ፕላስተር ይለጠፍና ይፈረምበት። የተከፈተው ጠዋት ከ2:30 በፊት ይተካል። ፓኬቱን ለሌላ ነገር መበርበር ክልክል ነው። መጀመሪያ ሳምንት ሰው ይስቃል፤ ሁለተኛው ላይ ይለምደዋል።

ጥሪውም አንድ ስልክ ይሁን። የአንዱ ተረኛ የግል ስልክ ሳይሆን ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ የዱቲ ስልክ፣ ቻርጀሩ ጭምር። ደዋዩ ሦስት ነገር ብቻ ይናገራል፦ ቀለሙን፣ ኦፕሬሽኑን፣ ታካሚዋ ያለችበትን ክፍል።

አሁን ስልጠና። ብዙ ሰው ስልጠና ሲባል አዳራሽ፣ ሻይና ሰርተፊኬት ይታየዋል። ፈቃድ ለማሳደስ ሲፒዲ (ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ ስልጠና) ስለሚያስፈልግ ያም ይኑር። ሴፍ የሚባለው የሦስት ቀን የወሊድ አኔስቴዥያ ስልጠናም ግሩም ነው፤ ዕድሉን ካገኛችሁ አያምልጣችሁ። ዋናው ስልጠና ግን የራሳችሁ ጠረጴዛ አጠገብ፣ ከራሳችሁ ነርሶች ጋር፣ 15 ደቂቃ የሚፈጀው ነው።

አኔስቴቲስቱ ማታ የሚሠራው ያለ ረዳት ነው። በሌላው ዓለም የሰለጠነ ረዳት ከጎኑ ይቆማል፤ እኛ ጋ እጇን የዘረጋችው ነርስ ናት ረዳት። እሷ ደግሞ ቡጂ (የመተንፈሻ ቱቦውን የሚመራ ቀጭን ዘንግ) ሲባል ምን እንደሆነ አልተነገራትም ይሆናል። ጥፋቱ የእሷ አይደለም። ከኦፕሬሽን ክፍል ነርሶች ውስጥ ፈቃደኛ የሆኑትን ስድስት ይምረጡ። ቱቦ ማቀበል፣ ሳክሽን ማብራት፣ ቡጂ መምራት፣ አምቡ ባግ (በእጅ ትንፋሽ የሚሰጥበት ከረጢት) መጭመቅ፣ አድሬናሊን መቅዳት ያስተምሯቸው። የአስቸጋሪ ኤርዌይ (የመተንፈሻ መንገድ) ሳጥኑን ራሳቸው ይሙሉት፤ የሞላው ሰው ጨለማ ውስጥም ያገኘዋል። ከዚያ በየዱቲው ከእነሱ አንዷ መኖሯን ከኦፕሬሽን ክፍል ማትሮኗ ጋር ይስማሙ። ትርፉ ከአንድ ተጨማሪ ቅጥር አይተናነስም።

ልምምዱ በየሳምንቱ አንድ ርዕስ ይያዝ። ኢንቱቤሽን እምቢ ሲል። ስፓይናሉ ወደ ላይ ሲወጣና እናትየዋ «ትንፋሽ አጠረኝ» ስትል። ከወሊድ በኋላ ደም ሲፈስ። መብራት ሲጠፋ። አሻንጉሊት አያስፈልግም። አንድ ሰው ጠረጴዛው ላይ ይተኛል፣ አንዱ ሰዓት ይይዛል። በአንድ እንዲህ ያለ ልምምድ ላይ ላሪንጎስኮፑ (ጉሮሮ ማያው መሣሪያ) አምፖሉ አልበራም፤ ተለዋጩ ተፈለገ፣ ባትሪ የለውም። ታካሚ ቢሆን ኖሮ የሚያስለቅሰው ነገር ያን ቀን የ40 ብር ባትሪ ሆኖ አለፈ።

ከኦፕሬሽን ክፍል ውጭ ለሚመጣው ጥሪ፣ ለአይሲዩና ለድንገተኛ ክፍል፣ ቦርሳ ያዘጋጁ። እዚያ ሄዶ ዕቃ መፈለግ የለም። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው የእንግሊዞቹ ትልቅ የኤርዌይ ኦዲት ከኦፕሬሽን ክፍል ውጭ የሚደርሰው አደጋ የከፋ መሆኑን፣ ካፕኖግራፍ (በትንፋሽ የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚለካ መሣሪያ) አለመኖር ደግሞ ለብዙ ሞት ምክንያት መሆኑን በግልጽ ጽፏል። እዚያ ያሉት ሁሉ ነገር ሞልቶላቸው ነው። ያላችሁ አንድ ተንቀሳቃሽ ካፕኖግራፍ ከሆነ ከቦርሳው ጋር ይሂድ። ሳክሲኒልኮሊን (ለኢንቱቤሽን ጡንቻ የሚያላላው መድኃኒት) ፍሪጅ ውስጥ፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው ቦታው፤ ከፍሪጅ የወጣበት ቀን ብልቃጡ ላይ ይጻፍ። ሁለት ሳምንት ካለፈው ቦርሳው ውስጥ ዋጋ የለውም።

አንድ መዝገብም ይክፈቱ። አራት ሰዓቶች ብቻ የሚጻፉበት፦ የተወሰነበት፣ የተደወለበት፣ ታካሚው ኦፕሬሽን ክፍል የገባበት፣ ቢላ ያረፈበት። ከዘገየ ምክንያቱ በሁለት ቃል፦ «ደም የለም»፣ «ጠረጴዛ ተይዟል»፣ «ሁለታችንም ሥራ ላይ»። የማንም ስም አይጻፍ፤ ስም ከገባበት ማንም እውነቱን አይሞላውም። ወሩ ሲያልቅ «ሁለታችንም ሥራ ላይ» የሚለው ስንቴ እንደመጣ ይቁጠሩ። ያ ቁጥር ከላይ ካለው የሰዓት ሂሳብ ጋር አብሮ ሲቀርብ የቅጥር ጥያቄዎን ለመመለስ ይከብዳቸዋል።

ወደ መጨረሻው ጥያቄዎ ልምጣ። አዲስ ተመራቂን ማታ ብቻውን? ሁለተኛ ሆኖ፣ አዎ። አንደኛ ሆኖ፣ በቀኑ ብዛት ሳይሆን በሚችለው ነገር ይወሰን። የሲኤስ ስፓይናልን፣ ፈጣን ኢንዳክሽንን (በፍጥነት አስተኝቶ ቱቦ ማስገባትን)፣ ሆዱ ሙሉ የሆነ ታካሚን፣ የሚደማ ታካሚን ከሲኒየር ጋር ሠርቶ ሲኒየሩ ከፈረመለት ይግባ። ሁለት አዲስ ተመራቂ በአንድ ሌሊት አይጣመሩ፤ ሮስተር (የተረኞች ዝርዝር) ሲወጣ ይህ በስህተት ይከሰታል፣ በተለይ በበዓል ሰሞን ነባሮቹ ሲለዋወጡ። ቅያሬው በእርስዎ ፊርማ ብቻ ይሁን።

አኔስቴሲዮሎጂስታችሁ አንድ ስለሆኑ በየሌሊቱ ሊያድሩ አይችሉም። ስልካቸው ግን ሊያድር ይችላል። ከሥራው በፊት የግድ የሚደወልባቸውን ታካሚዎች በወረቀት ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ፦ ከአንድ ዓመት በታች ሕፃን፣ የጭንቅላት ጉዳት፣ ኤክላምፕሲያ (በእርግዝና የደም ግፊት የሚመጣ መንቀጥቀጥ)፣ ፕላሴንታ ፕሪቪያ (የማህፀን በር የሸፈነ የእንግዴ ልጅ)፣ አንገቱ የማይታጠፍ ወይም አፉ የማይከፈት ሰው፣ ሁለተኛ ጊዜ የተከፈተ ሆድ። «ሲኒየር መቀስቀስ ነውር ነው» የሚለው ልማድ እንዲቀር ዝርዝሩ ሥር እሳቸው ራሳቸው ይፈርሙበት፤ ካልተደወለላቸው ጠዋት የሚጠየቀው ያልደወለው ነው። እሳቸው ፈቃድ ሲወጡ ማን እንደሚደወልለትም እዚያው ላይ ይጻፍ። ከአጎራባች ሆስፒታል አንድ ባልደረባ በደብዳቤ ተስማምተው ቢይዙ ጥሩ ነው። ስምምነቱ በዳይሬክተሮቹ በኩል ያለፈ ይሁን፣ በወዳጅነት ብቻ የቆመ አይሁን።